ሜሎትሮን ላይ ድምፁ ከስምንት ሰከንድ በኋላ የሚቋረጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ባለ ኪቦርድ
በኮምፒውተር የሚጫወተውን የሜሎትሮን ድምፅ ከተጠቀምኩበት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ መሣሪያውን ራሱን ግን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱ ቁልፍ አስቀድሞ የተቀረጸ ቴፕ እንደሚያጫውት አውቃለሁ። ያልገቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ቁልፉን ተጭኜ ብቆይ ድምፁ ከስምንት ሰከንድ ገደማ በኋላ ይቋረጣል፤ የቴፑን ጫፍና ጫፍ አጋጥሞ እንደ ቀለበት ማዞር ሲቻል ለምን እንዲህ ተሠራ? ሁለተኛው፣ በቆዩ ቅጂዎች ላይ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ በርካታ ድምፆች) ሲመታ የድምፁ ቃና ለአፍታ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ ይህ ከመሣሪያው የመጣ ነው ወይስ ከቀረጻው?

ምላሽ፦ የቴፕ ጠጋኝ
ከሁለተኛው ልጀምር፤ አሠራሩ ከታወቀ የመጀመሪያው ራሱ ይፈታል። በ1970 የወጣውና በብዛት የሚታወቀው ኤም 400 የተባለው ሞዴል 35 ቁልፎች አሉት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቴፕና የራሱ አንባቢ ራስ (የተቀረጸውን ከቴፑ ላይ የሚያነብ ክፍል) ተመድቦለታል፤ ሞተሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመሣሪያው ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ የብረት ዘንግ ሳያቋርጥ ያሽከረክራል። ቁልፉን ሲጫኑ ከሥሩ ያሉት ሁለት ብሎኖች ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፦ አንደኛው ቴፑን ከአንባቢው ራስ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሌላኛው ደግሞ አንዲት የጎማ ተሽከርካሪ ቴፑን በዘንጉ ላይ እንድትጫነው ያደርጋል። ያን ጊዜ ዘንጉ ቴፑን በሰከንድ 7.5 ኢንች ገደማ ይስበውና ከታች ወዳለው ሳጥን ይሰደዋል። ቁልፉ ሲለቀቅ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሳበው ስልት ቴፑን ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

እንግዲህ አሥር ጣት በአንድ ጊዜ ሲወርድ አሥር ቴፕ በአንድ ዘንግ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ሰበቃው ስለሚበዛ ሞተሩ ይዝላል፤ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሰርኪዩትም ጉድለቱን ተገንዝቦ እስኪያስተካክል ድረስ የድምፁ ቃና ዝቅ ይላል። ዘንጉ አንድ በመሆኑ ሁሉም ድምፆች አብረው ይወርዳሉ፤ ኮርዱ በአንድነት የሚንገዳገድ የሚመስለውም ለዚህ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከቃና ከወጣ ግን ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን በአብዛኛው የብሎኑ ነው፤ ጎማዋ በደንብ ስላልተጫነች ቴፑ እየተንሸራተተ ነው።

ምላሽ፦ የድሮ ድምፅ ወዳጅ
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው። የቀለበቱን ነገር በተመለከተ፣ ቀለበት ሁልጊዜ ስለሚዞር ቁልፉን የነኩበት ቅጽበት ከድምፁ መነሻ ጋር ሊገጥም አይችልም። ቫዮሊን ሲጀምር ደጋኑ ገመዱን የሚይዝበት ጭረት፣ ዋሽንት ሲጀምር ከድምፁ ቀድማ የምትሰማው ትንፋሽ፣ የመዘምራኑ አፍ ሲከፈት የሚሰማው ያልተስተካከለ አገባብ፣ እነዚህ ሁሉ በቀለበት ላይ ከመካከል ተነሥተው ይሰማሉ፤ ወይም ጨርሰው ይጠፋሉ። የቴፑ መነሻ የታወቀ ከሆነ ግን ቁልፉ በተነካ ቁጥር ሙዚቀኛው እንደገና ይጀምራል። ዋጋው ስምንት ሰከንድ መሆኑ ነው፤ በተጠቀሰው ፍጥነት ይህ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቴፕ ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ ቢረዝም የሚከማችበትም የሚመለስበትም ቦታ ይቸግራል። በኋላ ባይሮትሮን የተባለ መሣሪያ ባለ ስምንት መስመር የካርትሪጅ ቀለበት ተጠቅሞ ገደቡን ለማለፍ ሞክሯል፤ እኔ ግን ስምንቱን ሰከንድ እመርጣለሁ።

በነገራችን ላይ ሜሎትሮን የተሠራው በእንግሊዝ ቢሆንም ሐሳቡ የእንግሊዞች አልነበረም። ሃሪ ቻምበርሊን የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮት ነበር። የእሱ ሻጭ የነበረው ቢል ፍራንሰን በ1962 ሁለት መሣሪያዎች ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና 70 ተመሳሳይ አንባቢ ራሶች የሚሠራለት ፈለገ፤ በበርሚንግሃም አካባቢ ይሠሩ የነበሩት የብራድሊ ወንድማማቾች ሥራውን ተቀበሉ፤ በ1963 የመጀመሪያው ሜሎትሮን ወጣ። የሐሳቡ ባለቤት ማን እንደሆነ የተነሣው ክርክር በኋላ በስምምነት ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ባለ ኪቦርድ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለዚህ ከስምንት ሰከንድ የረዘመ ኮርድ ይጫወቱ የነበሩት እንዴት ነው? ደግሞስ በአንድ ቴፕ ላይ ሦስት ዓይነት ድምፅ አለ የሚባለውስ?

ምላሽ፦ የቴፕ ጠጋኝ
ስለ ሦስቱ ድምፆች፦ የቴፑ ስፋት ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሲሆን ጎን ለጎን ሦስት መስመሮች ተቀርጸውበታል። መምረጫው ሲዞር አንባቢዎቹ ራሶች በአንድነት ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ በሁለት መስመሮች መካከል ቢያቆሟቸው ሁለቱ ድምፆች ተቀላቅለው ይሰማሉ። ሌላ የድምፅ ስብስብ ከተፈለገ ቴፖቹ የተወጠሩበት ክፈፍ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በሌላ ይተካል።

ረዥሙን ኮርድ በተመለከተ፣ ተጫዋቾቹ ጣቶቻቸውን በየተራ ያነሡ ነበር፤ አንደኛው ቁልፍ ተለቅቆ እንደገና ሲነካ ሌሎቹ ገና በመካከል ስላሉ ጆሮ መቋረጡን አያስተውልም። ልብ ሊሉት የሚገባው ቴፑ ለመመለስ ጥቂት ጊዜ የሚወስድ መሆኑን ነው፤ ቸኩለው ዳግመኛ ከነኩት መነሻው ሳይደርስ ከመካከል ይጀምራል። በኮምፒውተር የሚጠቀሙበት ቅጂ ይህን አያሳይዎት ይሆናል፤ ማሳየት አለማሳየቱን ለማወቅ አንድ ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይያዙ፣ ለቅጽበት ለቀው መልሰው ይንኩት፣ ከዚያም የድምፁ መነሻ፣ ለምሳሌ የቫዮሊኑ ጭረት፣ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ፤ ከተሰማ ቅጂው ይህን አያሳይም ማለት ነው።