የዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ምርምር ማዕከል ውስጥ ግን በእውነት ምንድነው ሚሰራው?

ግራ_የገባት፦
ሰላም ወገኖች፣ ለማስተርስ ላመለክት እያሰብኩ ስለሆነ ማዕከሉ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ቀን ሄጄ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ ግራ ገብቶኝ ነው የወጣሁት። መጀመሪያ ከሐይቅ ስር ያወጡት ጭቃ የሞላበት ረጅም ቱቦ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው አሳዩን፣ ከዛ ጣሪያ ላይ ወጣን ትልቅ ማሽን አጠገብ ትናንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል ሁሉም የሚለኩት ያንኑ አቧራ ነው፣ ከዛ ደግሞ አንዱ ልጅ አንድ ሊትር ውሃ እያጣራ "ወንዙ ውስጥ ምን ምን አሳ እንዳለ ሳንይዘው እናውቃለን" አለን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው "የቅርብ ጊዜ ስራዎቻችን" የሚለው ግን በሙሉ የስልጠናና የወርክሾፕ ፎቶ ነው። ሁለት አመቴን ጭቃ ስቆርጥ ልጨርስ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ

የላብ_ሰው፦
ጭቃውን አትናቂው እህቴ 😄 እኔ ስንት አመት የቆረጥኩት ነው። ሐይቅ ስር ደለል በየአመቱ እየተነባበረ ነው ሚሄደው፣ ከላይ ያለው የቅርቡ ከታች ያለው የድሮው። በሴንቲሜትር በሴንቲሜትር ትቆርጪውና እያንዳንዱ ውስጥ ያለውን የአበባ ዱቄት፣ ከሰል፣ የአልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር) ቅሪት ታያለሽ፤ ደን መቼ እንደተመነጠረ፣ ማዳበሪያ መቼ መግባት እንደጀመረ ይወጣል። እድሜውን በምን ታውቃላችሁ ካልሽኝ ሊድ 210 የሚባል ጨረራ አመንጪ እርሳስ አለ፣ በየ22 አመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ያለፈውን 100 ምናምን አመት ያስቆጥራል። ማረጋገጫው ደግሞ ሴሲየም 137 የሚባል ሌላ ጨረራ አመንጪ ነገር ነው፣ ይሄ ከኒውክሌር ቦምብ ሙከራ የመጣ ስለሆነ በ1963 እ.ኤ.አ. አካባቢ የወረደበት ንብርብር ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጡት እንዳይደርቅና እንዳይበሰብስ ነው። እኔ አንዴ የቱቦውን ላይና ታች ምልክት ሳላደርግ ቀርቼ የሶስት ቀን ስራ ገደል ገባ፣ እስካሁን ያስቁብኛል

ግራ_የገባት፦
ዋው ይሄን አንዳቸውም አልነገሩንም። እሺ ሳጥኖቹስ? አንድ ነገር በአስር ሳጥን መለካት ምን ይሉታል

አቧራ_ቆጣሪ፦
ሳጥኖቹ እኮ ርካሽ ሴንሰር ናቸው፣ ብርሃን ለቀው ከአቧራው ላይ የሚበተነውን አይተው ነው ሚገምቱት እንጂ አቧራውን አይመዝኑትም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቅንጣቷ ውሃ ጠጥታ ታብጣለች፣ ሴንሰሩ ደግሞ ጉም ሁሉ ብክለት ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በትክክል ከሚለካው ከትልቁ ማሽን ጎን ለሳምንታት ይቀመጡና ምን ያህል እንደሚሳሳቱ ይታወቃል፣ ማስተካከያ ይሰራላቸዋል፣ ከዛ ነው ሚበተኑት። የአለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የፒኤም 2.5 (ሳንባ ውስጥ የሚገባው በጣም ደቃቁ አቧራ) አመታዊ መጠን በሜትር ኪዩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም ወደ 5 አውርዶታል፣ እና ሴንሰርሽ ራሱ በ5 የሚሳሳት ከሆነ ምኑን ለካሽው? ብዙ ሰው ይሄን ይዘልና በቀጥታ ካርታ ይሰራል፣ ያናድደኛል

እውነት_ተናጋሪ፦
አረ በናታችሁ ልጅቷን አታታልሏት። አብዛኛው ማዕከል ስራው ሪባን መቁረጥና ሰርተፍኬት መስጠት ነው፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ ሴንሰሩም አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ያ ውሃ ሲያጣራ ያየሽው ልጅ የሚፈልገው፣ አሳው ውሃ ውስጥ የሚጥለው ዲኤንኤም ቢሆን ሲወራ ነው ደስ የሚለው፣ ወራጅ ውሃ ዲኤንኤውን ከላይ ይዞት ሊመጣ ይችላል፣ አሳው እዛው ይኑር አይኑር በምን ታውቂያለሽ

የላብ_ሰው፦
@እውነት_ተናጋሪ ስለ ወራጁ ልክ ነህ፣ ለዛ ነው ብዙ ቦታ ላይ ደጋግመው የሚቀዱት፣ ንፁህ ውሃም አብረው የሚያጣሩት (እሱ ላይ አሳ ከተገኘ ላብራቶሪው ራሱ ተበክሏል ማለት ነው)። ዲኤንኤው ውሃ ውስጥ ቢበዛ ሳምንታት ነው ሚቆየው ስለዚህ የድሮ አሳ አይደለም ሚያሳይህ

ቆየት_ያለ፦
እኔ በሁለታችሁም እስማማለሁ፣ ስልጠናው ፎቶ ስላለው ነው ግድግዳ ላይ የሚወጣው፣ በየሳምንቱ ውሃ መቅዳት ምን ፎቶ አለው። ግን ትልልቆቹ ነገሮች የመጡት ከዚሁ አሰልቺ ስራ ነው። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል ሳይንቲስት በ1958 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ያለው ማውና ሎዋ ተራራ ላይ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦንዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀምር 315 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 315ቱ) ገደማ ነበር አሁን ከ420 አልፏል፣ ይሄ ዛሬ ሁሉም የሚጠቅሰው መስመር በ1964 እ.ኤ.አ. በጀት ተቆርጦ ለጥቂት ወራት ተቋርጦ ነበር፣ ክፍተቱ ዳታው ላይ አለ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ አንድ ሐይቅ በ1973 እ.ኤ.አ. በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው በአንዱ በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው እነሱን ከነፎስፈረሱ ጨመሩበት፣ ፎስፈረስ የገባበት ጎን በአልጌ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ ብቻውን "ሳሙናችን ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ጥፋት የለበትም" የሚለውን የሳሙና ፋብሪካዎች ክርክር ዘጋ ማለት ይቻላል። እና ልጄ፣ ወርክሾፑን ተዪው፣ ሄደሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ ሳይቋረጥ ስንት አመት የለካችሁት ነገር አላችሁ?

ግራ_የገባት፦
ሄጄ ጠየቅኳቸው! የወንዙን ውሃ ስድስት አመት ለክተዋል፣ መዝገቡን ራሱ አውጥተው ሰጡኝ፣ መሃል ላይ ሁለት ወር ባዶ ነው። ምንድነው ስላቸው ባትሪው አልቆ ማንም ሳያይ ቀርቶ ነው አሉኝ፣ በእርሳስም ጎኑ ላይ ፅፈውታል። በግምት ሞልተውት ቢሆን ኖሮ እኔ ምን አውቄ። ትናንት ማታ ማመልከቻዬን ልኬያለሁ፣ ጭቃው ግን አሁንም ይሸተኛል 😅