ክዳኑ ሲነካ ስክሪኑ ድርግም የሚል ላፕቶፕ፦ ስክሪን ልግዛ?

ማመልከቻ ጸሐፊዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፍርድ ቤት አጠገብ ክስ፣ መልስና ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ያለኝ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ነው። ላፕቶፑ 14 ኢንች ነው፣ ያገለገለ። ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አስቸግሮኝ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ስከፍተው ብቻ ነበር። አሁን እየጻፍኩ መሀል ላይ ይርገበገባል፣ ነጫጭ መስመር ያሳያል፣ ከዚያ ጭልም ይላል። ማሽኑ ግን አይጠፋም። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት ለልጇ የቀለብ ክስ እያጻፈችኝ ጨለመ። እጄ ስለለመደ ሳላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ስክሪኑ ሲመለስ የልጇ ስም ላይ አንድ ፊደል ተገድፏል። ለፍርድ ቤት ወረቀት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለአንድ ጠጋኝ አሳየሁት። አብርቶ አየና «ስክሪኑ ሞቷል፣ 9 ሺህ ብር» አለኝ። ክዳኑን እንኳ አልነካውም። 9 ሺህ ብር ለእኔ ብዙ ነው። ፍርድ ቤት ለክረምት ሳይዘጋ ደግሞ መሥራት አለብኝ። ሰፈራችን መብራት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከእሱ ይሆን? ስክሪን ልግዛ ወይስ ሌላ የምሞክረው ነገር አለ?

የወሎ ልጅ

አይዞሽ እህቴ። የመብራት ከሆነ ማወቁ ቀላል ነው። ቻርጀሩን ንቀዪና በባትሪ ብቻ ሥሪ። ሲነቀል ከተወው ጣጣው የቻርጀሩ ወይም የሶኬቱ ነው። የእኔ እንደዚያ ነበር። የሌላ ማሽን ቻርጀር ነበር የምጠቀመው፤ ስሰካው ይርገበገባል፣ ስነቅለው ይተዋል። የራሱን ስገዛለት ቀረ።

ኮድ ሠሪው

ፎርማት አድርጊው። አፕዴት ሲጫን የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ተበላሽቶ ነው የሚሆነው።

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

በባትሪም ሞከርኩት፣ ያው ነው። ፎርማት ግን እፈራለሁ። የሦስት ዓመት የደንበኞቼ ፋይል አለበት። አማርኛ የምጽፍበትን ፓወር ግዕዙንም እንደገና የሚጭንልኝ ሰው ልፈልግ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ክዳኑን ወደ ኋላ ሳስተኛው ይብስበታል። ወደ ፊት ጎንበስ ሳደርገው ይተዋል። ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ነው የጻፍኩት።

ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ፎርማት አታድርጊ። ስክሪንም ገና አትግዢ። መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ የሚብስና የሚሻል ችግር ከሶፍትዌር አይመጣም።

ለማረጋገጥ ማሽኑን አጥፊና ስታበሪው ባዮስ ውስጥ ግቢ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ነው። እንደ ማሽኑ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት ነው የሚጫኑት። እዚያ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። እዚያም ድርግም ካለ ጉዳዩ የዕቃው ነው፤ ፎርማት ምንም አይጠቅምሽም። ባዮስ ውስጥ ሰላም ሆኖ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ እልሽ ነበር። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ሌላው ሁሉ እየተርገበገበ እሱ ብቻ ዝም ካለ የአንድ ፕሮግራም ጣጣ ነው፤ እሱም አብሮ ከተርገበገበ ድራይቨሩ ነው። ያንቺ ግን እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም።

ሌላ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ካገኘሽ በኤችዲኤምአይ ሰክተሽ እዪው። እዚያ ጥርት ብሎ ከታየ የግራፊክስ ክፍሉ ጤነኛ ነው። የሚቀረው ከማዘርቦርዱ እስከ ስክሪኑ ያለው መንገድ ነው።

ያ መንገድ ኬብል ነው። ከኪቦርዱ ሥር ይነሳና በማጠፊያው በኩል አልፎ ወደ ስክሪኑ ጀርባ ይወጣል። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው የታጨቀው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያው ማጠፊያው ላይ ይታጠፋል። ምስሉም፣ ስክሪኑን ከኋላ የሚያበራው መብራት የሚያገኘው ኃይልም የሚያልፈው በእሱ ነው። አንዴ መስመር፣ አንዴ ጨለማ የምታዪው ለዚህ ነው። ሲጨልምብሽ የስልክሽን መብራት በጎን በኩል አስጠግተሽ አብሪበት። ጽሑፉ ደብዘዝ ብሎ ከታየሽ ምስሉ አለ፤ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው።

አንድ ልጠይቅሽ፦ ክዳኑን የምትከፍቺው ከአንድ ጥግ ይዘሽ ነው?

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

አዎ ወንድሜ። ቀኝ እጄ ወረቀት ስለሚይዝ ሁሌም የግራውን ጥግ ይዤ ነው የማነሳው። ሰው ሲመጣ እከፍታለሁ፣ ሲሄድ ባትሪ እንዳይጨርስ እዘጋለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ ይሆናል።

ያልከኝን ሁሉ ሞከርኩ። ባዮስ ውስጥም ድርግም አለ። ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሞኒተራቸው ላይ ሰካሁት፤ ክዳኑን ባወዛውዘውም ምስሉ ንቅንቅ አላለም። የስልኩን መብራት ሳበራበት ደግሞ ጨለማው ውስጥ የከሳሽና የተከሳሽ ስም ሳይቀር ይነበባል።

ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

እንግዲያው መጀመሪያ የሚፈተሸው ኬብሉ ነው። ወይ ሶኬቱ ላልቷል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል። ስክሪኑ ፍጹም ደህና ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን ኬብሉ ሳይታይ ስክሪን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። አዲሱም ስክሪን በዚያው ኬብል ላይ ነው የሚሰካው፤ ሳምንት ሳይቆይ ያው ይሆናል። እንዲህ ሁለት ጊዜ ከፍለው እኔ ጋ የመጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ያሳዝነኛል።

ጠጋኙ ፊትሽ እንዲከፍተው አድርጊ። የባትሪውን ሶኬት ሳይነቅል የስክሪኑን ኬብል እንዳይነካ አደራ በዪው። ኃይል እያለ ከተነቀለ የኋላ መብራቱ ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል። ያኔ በኬብል ያልቅ የነበረው ማዘርቦርድ ላይ ይደርሳል። ደግሞ ኬብሉ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፎቶ አንሺው። በማሽኑ ስም ብቻ እንዳትገዢ። ሞዴሉ አንድ ሆኖም ስክሪኑ ተች የሆነውና ያልሆነው ኬብላቸው ሊለያይ ይችላል። የሶኬቱ ጥርስ (ፒን) 30 የሆነ አለ፣ 40 የሆነ አለ።

ኮድ ሠሪው

ፎርማት ያልኩት ተቻኩዬ ነው እህቴ፣ ይቅርታ። ለማንኛውም ፋይሎችሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሌላ ጠጋኝ ጋ ነው የሄድኩት፣ ወጣት ልጅ ነው። ሳልነግረው አስቀድሞ ባትሪውን ነቀለ። ያኔ ልቤ አረፈ። የስክሪኑን ዙሪያ ፕላስቲክ በጥፍሩ ቀስ እያለ አላቀቀና በግራ ማጠፊያው በኩል አሳየኝ። ኬብሉን የሸፈነው ጥቁር ፕላስተር ተልጦ ተጠቅልሏል። ሥሩ አንድ ሽቦ ልጡ ተገፎ ቀዩ መዳብ ይታያል። የማጠፊያው ብሎንም ላልቷል፤ ክዳኑን ባነሳሁት ቁጥር ኬብሉን ይጨምቀው ነበር ማለት ነው።

ቁጥሩን ፎቶ አነሳሁ። ደሴ ውስጥ ስላጣነው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣን። ኬብሉ 1,400 ብር፣ የእጅ 500 ብር። ብሎኑን በነፃ አጠበቀልኝ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሠራሁበት። ክዳኑን እስከ መጨረሻው አስተኛሁት፤ ዝም። አሁን መሀሉን ይዤ ነው የምከፍተው። ያቺንም እናት ደውዬ ጠራኋትና የልጇን ስም አስተካክዬ አተምኩላት። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቻርጀሩ ሲነቀል፣ ጠቆር ካለ ገጽ ወደ ነጭ ስሄድ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ይለዋወጣል። ድርግም አይልም። እሱም የኬብሉ ይሆን?

ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ አለሽ። አይ፣ እሱ የኬብል አይደለም። ባትሪ ለመቆጠብ ማሽኑ ራሱ ነው ብርሃኑን የሚለዋውጠው። ግራፊክስሽ ኢንቴል ከሆነ የኢንቴል ግራፊክስ ማስተካከያውን ክፈቺ፣ ፓወር የሚለው ውስጥ በባትሪ ጊዜ የሚሠራውን የዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ አጥፊው።

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

አጠፋሁት፣ ቆመ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሮጌውን ኬብል ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።