አስቸኳይ፦ ማመልከቻዬ አልጫን አለ፣ ቀነ ገደቡ ዛሬ ነው

ሬቲና (ጠያቂ)፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017፣ ከቀኑ 9፡10

ጤና ይስጥልኝ። ለአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ያዘጋጀሁት ዋናው ሰነድ አልጫን ብሎኛል። ፋይሉን በሰጠሁት ቁጥር ቀይ ጽሑፍ እያወጣ ይመልስብኛል። ጥናቱ በዓይን ሞራ ምክንያት ሳያዩ አድገው ዘግይተው በቀዶ ሕክምና ብርሃን ያገኙ ልጆች፣ በልምምድ እስከምን ድረስ ማየትን ሊማሩ እንደሚችሉ ነው። የሚቀበለኝ ቤተ ሙከራ ጀርመን አገር ነው። አማካሪዬ እስከ 5 ሰዓት ጊዜ እንዳለኝ ስለጻፈልኝ እስከ ማታ እታገላለሁ፤ ግን መብራቱ እየሄደ እየመጣ ነው። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ቡና ቁርስ፣ 9፡14

ብሮውዘሩን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺው። የተከማቸውንም ታሪክ አጥፊ። ለእኔ ሁልጊዜ የሚሠራልኝ ይህ ነው።

መነጽር፣ 9፡17

ቀዩ ጽሑፍ ምን ይላል? ፋይሉስ ምን ያህል ይከብዳል? «አልጫን አለ» ብቻ ብለሽ ስትጽፊ፣ እኛ ስኒ ገልብጠን እናንብብልሽ?

የጥንቱ መምህር፣ 9፡25

ልጄ፣ ከፋይሉ በፊት ሐሳቡ ይታይ። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል በፈረንጁ 1963 ባሳተሙት ሥራ የድመት ግልገል አንድ ዓይን በስፌት ዘግተው አቆዩ። ከጊዜ በኋላ ሲከፈት ዓይኑ ራሱ ደኅና ነበር፤ በአንጎል የእይታ ክፍል ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ግን አብዛኞቹ ለዚያ ዓይን ምላሽ አይሰጡም። ባደገ ድመት ላይ ተመሳሳዩን ቢያደርጉ እንዲህ ያለ ጉዳት አላገኙም። ወሳኝ የዕድገት ወቅት የምንለው፣ ማለትም አንጎል ማየትን የሚማርበት ጊዜ በልጅነት ያልፋል የሚለው አስተሳሰብ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹም በ1981 ኖቤል ተሸልመዋል። ታዲያ ወቅቱ ያለፈበትን ልጅ ምን ልታስተምሪው ነው? ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው።

ሬቲና፣ 9፡31

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መልሱ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። ገምጋሚው እንዲያነበው ግን መጀመሪያ መጫን አለበት። መነጽር፣ ጽሑፉ የፋይሉ መጠን ከተፈቀደው በላይ ነው ይላል። 38 ሜጋባይት ነው።

መነጽር፣ 9፡34

ይህንን ከመጀመሪያው ብትነግሪን ኖሮ! ጣሪያው 10 ሜጋባይት ነው። የአንጎል ምስሎቹን ከመሣሪያው እንደወጡ ለጥፈሻቸው ይሆናል። እዚያው በጻፍሽበት ፕሮግራም ውስጥ የምስሎቹን ጥራት ቀንሰሽ እንደገና በፒዲኤፍ አስቀምጪው፤ ጽሑፉ አይነካም። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ፋይል እናሳንሳለን ለሚሉት ግን አትስጪ፣ ያልታተመ ሥራ ነው። ሌላም አለ፦ ይህ ክፍል ከ10 ገጽ ማለፍ የለበትም። ትርፍ ገጽ ካለው ሥርዓቱ ይቀበልሽና ትርፉን ከገምጋሚዎቹ ይሸፍነዋል። ማጠቃለያሽ 11ኛው ገጽ ላይ ከወደቀ እንዳልጻፍሽው ቁጠሪው።

ማይን ወንዝ፣ 9፡48

ይቅርታ፣ እዚህ ሁሉም ፋይል ፋይል ይላል፤ መብቱ አላት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ዶክትሬትሽን የሠራሽው የት ነው? ጀርመን ከሆነ፣ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ ሰው ማመልከት አይችልም። ብዙ ሐበሻ ተማሪ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። እዚያው ተምሮ፣ እዚያው ቤተ ሙከራ ልቆይ ይላል።

ሬቲና፣ 9፡55

የሠራሁት እዚያው ጀርመን ነው፤ መመረቂያዬን ተሟግቼ የተመለስኩት በመጋቢት 2015 ነው። አሁን ምስሎቹን እያሳነስኩ ነው።

ማይን ወንዝ፣ 10፡04

መጋቢት 2015 በፈረንጁ ማርች 2023 ነው። የሚቆጠረው ከሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ጀምሮ ስለሆነ የቆየሽው ግማሽ ዓመት ያህል ነው፤ ታልፊያለሽ። ቢሆንም በዚህ ጥድፊያ ማስገባቱን አልመክርሽም። ከ100 ነጥብ ከ70 በታች ካመጣሽ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ተቋም ጋር ተመልሰሽ ማመልከት አትችዪም። በ2024 ከቀረቡት 10,360 ማመልከቻዎች የተመረጡት 1,696 ብቻ ናቸው። አንድ ዓመት አብስለሽ ብታመጪው ይሻላል።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ 10፡09

ጽፋ የጨረሰችውን ሰው ተዪው ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው? ችግሯ የፋይሉ ክብደት እንጂ የሐሳቡ ጥሬነት አይደለም።

ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ስለ ድመቷ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ዘግይተው የታከሙ ሕፃናትን በተመለከተ የእኛው ሐዋሳ አለች። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የኤሁድ ዞሃሪ ቡድን በፈረንጁ 2015 ያሳተመው ጥናት፣ እዚያው ሐዋሳ ከታከሙ ልጆች ጋር የተሠራ ነው። ልጆቹ ቀለምንና መጠንን ይለያሉ፤ ቅርጹን ከጥላው ወይም ከተቆራረጠ መስመር ገምተው ማወቅ ሲኖርባቸው ግን ይቸገራሉ። ከዚሁ ቡድን ጋር የጀርመኑ የኡልም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2021 ባወጡት ደግሞ፣ ጊዜ ሲያልፍ ልጆቹ በዓይን ያዩትንና በእጅ የዳሰሱትን ማቀናጀት ይማራሉ። አንዱ በር ይዘጋል፣ ሌላው ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ የትኛው እንደሚዘጋ መለየት ነው ጥናቱ። የእርሷም ጥያቄ እዚያው ላይ ይመስለኛል።

ቡና ቁርስ፣ 10፡12

ብሮውዘሩን ዘግታ ከፍታለች ወይ? ማንም አልመለሰልኝም።

የጥንቱ መምህር፣ 10፡26

ስለ ሐዋሳ አመሰግናለሁ፣ አላነበብኩትም ነበር። ክርክሬ ግን አልተነሣም። አቪ ካርኒና ዶቭ ሳጊ በ1991 አዋቂዎች በልምምድ እይታቸው እንደሚሻሻል አሳዩ፤ ነገር ግን መሻሻሉ ልምምዱ በተካሄደበት የእይታ ክልል ላይ ተወስኖ ቀረ። በግራ በኩል ያሠለጠንከው በቀኝ በኩል ጀማሪ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጠና ሐዋሳ ላለ ልጅ ገበያ መሃል እናቱን ለመለየት ምን ይረዳዋል?

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ 10፡35

ያ እስከ ፈረንጁ 2008 ነው፣ ጋሼ። በዚያ ዓመት የቤጂንግ ተመራማሪዎች ሁለተኛውን ቦታ በሌላ ተግባር ሲያለማምዱ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ወደዚያ ተሻገረ። ድርብ ልምምድ ይሉታል። ሬቲና፣ ይህንን ካልጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፤ ገጽ ካለሽ።

ዶሮ ማነቂያ፣ 10፡41

እናንተ ስለ ድመት ስትከራከሩ በእኔ ቤት ድመቷ የበዓሉን ሥጋ ይዛ ልትሄድ ነው።

ለመሆኑ እኅቴ፣ 5 ሰዓት ያልሽው በማን ሰዓት ነው? ቀነ ገደቡ በብራስልስ 17 ሰዓት ነው። ፈረንጅ አምስት ሰዓት ሲል ከቀኑ 11 ማለቱ ነው፤ እኛ ደግሞ ከእነርሱ በአንድ ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ የሚዘጋው ዛሬ ማታ ልክ 12 ሰዓት ላይ ነው። ዶሮ ወጡ ከእሳት ሳይወርድ ያልቃል። የቀረሽ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

መነጽር፣ 10፡43

ሬቲና፣ ሁሉን ትተሽ ዶሮ ማነቂያ የጻፈውን አንብቢ! አሁን ያለሽን አስገቢ። እስከሚዘጋ ድረስ አሻሽሎ ደጋግሞ ማስገባት ይፈቀዳል፤ የሚያዘው የመጨረሻው ነው። ካላስገባሽ የሚያዝልሽ የለም።

ሬቲና፣ 10፡52

አሁን 7 ሜጋባይት ሆኖ ተጭኗል። የማስረከቢያው ቁልፍ ግን አይነካም፣ ደብዝዞ ይታየኛል። መብራት ሄዶ በስልክ ኢንተርኔት ነው ያለሁት።

ቡና ቁርስ፣ 10፡54

ለዚህም ቢሆን ብሮውዘሩን…

ማይን ወንዝ፣ 10፡58

ማመልከቻውን የከፈተው አማካሪሽ ነው አይደል? በዚህ ድጋፍ ዋናው ተጠሪ የተቀባዩ ተቋም አማካሪ ነው። አንቺን ሲመዘግብሽ ማየት ብቻ ፈቅዶልሽ ከሆነ ማስረከብ አትችዪም። ኢሜይል አትላኪለት፣ ደውዪ። ወይ ሙሉ ፈቃድ ይስጥሽ፣ ወይ ራሱ ገብቶ ያስረክበው። ከዚያ በፊት ግን የሥነ ምግባር ጥያቄዎቹን መሙላትሽን አረጋግጪ፤ ሕፃናት ስላሉበት ባዶ መተው የለባቸውም። ቅድም ተዪው ብዬሽ ነበር፤ አሁን ግን እዚህ ከደረስሽ ግፊበት።

ሬቲና፣ 11፡03

ይጠራል፣ አያነሳም።

መነጽር፣ 11፡05

የተቋሙን የምርምር ድጋፍ ክፍል ፈልጊ። እነርሱ ዛሬ ስልክ አጠገብ ናቸው፤ ቀኑ ለእነርሱም ቀነ ገደብ ነው። እዚያ ገና የሥራ ሰዓት ነው።

ዶሮ ማነቂያ፣ 11፡40

እኅቴ፣ ምን ደረሰ?

መነጽር፣ ከምሽቱ 12፡20

ሬቲና?

የጥንቱ መምህር፣ ከምሽቱ 1፡15

እንኳን አደረሳችሁ። የሐይቅ ዳር ልጅ፣ የቤጂንጉን ጽሑፍ አገኘሁት። የተለማመዱት ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ አዋቂዎች ናቸው። ሳያይ ላደገ ልጅ ይሠራል ማለት አይደለም። ክርክሩ ከበዓል በኋላ ይቀጥላል።

ጅማ፣ ከምሽቱ 2፡05

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ልጠይቅ። በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቴን ዘንድሮ እጨርሳለሁ፤ የሠራሁት ምስል በሚለዩ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ባዮሎጂ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ብቻ ነው። በእይታና በመማር ነርቭ ሳይንስ ውስጥ የሚቀበለኝ ይኖራል? ወይስ እንደ ሬቲና ዓመት ጠብቄ በአንድ ቀን ልሩጥ?

ማይን ወንዝ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይኖራል። እነዚህ ቤተ ሙከራዎች ከፊዚክስና ከምህንድስና የመጣ ሰው ይፈልጋሉ፤ መረጃውን የሚተነትንላቸው ያጥራቸዋል። መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነው ዓለም አቀፉ የምርምር ድጋፍ ድርጅት ኤችኤፍኤስፒ ከሕይወት ሳይንስ ውጪ ዶክትሬት ለሠሩ ብቻ የተለየ ድጋፍ አለው፤ መጀመሪያ የፍላጎት ደብዳቤ ነው የሚጠየቀው። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ቀነ ገደብ የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል፤ ከዶክትሬት በኋላ እስከ 4 ዓመት ድረስ ማመልከት ይቻላል። የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ድርጅት ኤምቦም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ ግን ዶክትሬቱ ከተገኘ ከ2 ዓመት በላይ እንዲሆነው አይፈልግም፣ ስለዚህ አንተ ከእርሱ ጀምር። ለሁሉም ግን የሚቀበልህ ቤተ ሙከራ አስቀድሞ መገኘት አለበት። ለኃላፊው ስትጽፍ ደብዳቤህ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ከጽሑፎቹ አንዱን በእርግጥ ማንበብህ የሚታይበት አንድ ጥያቄ ይኑርበት፣ የሠራኸውንም ፕሮግራም አያይዝ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለህ ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትበትን፤ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ።