እምነት ያረጋጋል ወይስ ያዘናጋል?

የውይይቱ ጥያቄ፦ ጦርነት፣ ሕመም፣ ሥራ ማጣትና የኑሮ ውድነት ሰውን ሲያስጨንቁት ቤተ ክርስቲያን «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተረጋጉ» ትላለች። ይህ ቃል ሰውን ያቆመዋል ወይስ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ።

ናትናኤል፦ ያዘናጋል ባይ ነኝ። አማኝ ነኝ፤ ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ሥራ ያጣ ሰው ጨንቆት ይመጣል። «ጸልይ፣ በር ይከፈታል» ይባልና ይሸኛል። ዕዳው እዚያው ነው፣ የልጆቹ ጥያቄም እዚያው ነው። ወራት አልፈው በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ጥፋቱ ወደ እሱ ይዞራል፤ እምነትህ ጎደለ ይባላል። ይሄ ማረጋጋት አይደለም፣ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ኤርምያስም በዘመኑ የነበሩትን ነቢያትና ካህናት የወቀሳቸው በዚሁ ነው፦ ሰላም ሳይኖር «ሰላም፣ ሰላም» ስላሉ።

ሰላማዊት፦ ወንድሜ፣ ኤርምያስን ካነሳህ አይቀር ምዕራፍ 28ን እና 29ን አብረን እንያቸው። ክርክራችን እዚያ ውስጥ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የኢየሩሳሌም ንጉሥና ብዙ ሕዝብ ወደ ባቢሎን ተማርከው ሄደዋል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሣና በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ አለ። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የምትኖሩባትንም ከተማ ሰላም ፈልጉ አላቸው። መመለሻው 70 ዓመት ሲሞላ ነው።

ስለ ፍጻሜና ስለ ተስፋ የሚናገረውን የምዕራፍ 29 ቁጥር 11ን ስንቱ ሰው ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል! ከላዩ ያለውን ቁጥር 10ን ግን ማንም አይሰቅልም። 70 ዓመቱ ያለው እዚያ ነው። የሚያዘናጋው የሐናንያ ዓይነት ቃል ነው። የኤርምያስ ቃል ግን ሰውን ወደ ሥራ ያስገባል።

ዮናስ፦ እህቴ፣ 70 ዓመት ማለት እኮ ደብዳቤውን የሰማው አዋቂ አገሩን አያይም ማለት ነው። ይህ ማንን ያረጋጋል? እኔ ብሆን ቆሽቴ ነው የሚያርረው።

ሰላማዊት፦ ያርር ይሆናል። ግን በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ያለ ሰው ጓዙን አይፈታም። ሁለት ዓመቱ ሲያልፍ ምን ይይዛል? እውነቱን የሰማው ግን ዛሬ የሚሠራው አለው። መቅደሱ ርቆት ሳለም፣ ባቢሎን ሆኖ ቢጸልይ እግዚአብሔር እንደሚሰማው ተነግሮታል። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ጋሽ በቀለ፦ ልጆቼ፣ እኔ የሐዋርያት ሥራ 27ን ልጨምር። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ወደ ሮም እየተወሰደ ነው። መርከቡ ላይ 276 ሰው አለ። ጉዞው አደገኛ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ መቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ። ዐውሎ ነፋሱ መጣ። ብዙ ቀን ፀሐይም ኮከብም አልታየም። የመዳን ተስፋቸውም ተቆረጠ። በዚህ መሐል መልአክ ለጳውሎስ ተገለጠለት። መርከቡ ይጠፋል፣ ከሰው ግን አንድም ነፍስ አይጠፋም።

አሁን ልብ በሉ። ቃል ተገብቶለታል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ግን ዝም አላለም። እነዚህ መርከቡ ላይ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ ነገራቸው። ወታደሮቹ የታንኳውን ገመድ ቆረጡት። ሊነጋ ሲል ደግሞ እህል ቅመሱ ብሎ ለመናቸው። እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመሰገነ፣ ቆርሶም በላ። እነሱም በርትተው በሉ። ከዚያ ስንዴውን ወደ ባሕር እየጣሉ መርከቡን አቀለሉት።

በእምነት የተረጋጋ ሰው እንዲህ ነው። አደጋውን አይክድም፣ አብረውት ያሉትንም አይለቅም። መርከቡ እንደተባለው ተሰባበረ። ሰዎቹ ግን አንዳንዱ ዋኝቶ፣ ሌላው ሳንቃ ይዞ ሁሉም ማልታ ደረሱ። እኛ ብዙ ጊዜ መርከቡም እንዲተርፍ ቃል የተገባልን ይመስለናል።

ሂሩት፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ተረጋጉ» ስንል ብዙ ጊዜ «ዝም በሉ» ማለታችን ነው። ልጇን የቀበረች እናት «አታልቅሺ፣ እምነትሽ የት አለ?» ስትባል ሰምቻለሁ። በጣም ያናድደኛል። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያለ እንኳ አልቅሷል። መዝሙር 88፣ በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር 87፣ ሰቆቃ ነው፤ እንደ ሌሎቹ በምስጋና አይዘጋም። በእግዚአብሔር ፊት እንዲህ ደፍሮ መናገር የሚችል ሰው ነው የሚጸናው።

ሕክምናንም አንርሳ። በ1527 በጀርመኗ ዊተንበርግ ወረርሽኝ ሲገባ የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ከተማዋን ጥሎ አልሄደም። ነገር ግን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ከማያስፈልግ ቦታም እንደሚርቅ ጽፏል፤ ጎረቤቱ ሲፈልገው ደግሞ እንደሚሄድለት። እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ጸሎትም ሐኪምም ያስፈልገዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚል ሰባኪ ካለ እኔ አልሰማውም።

ናትናኤል፦ እናንተ የምትሉት ዓይነት ከሆነ ተቃውሞዬ ይለዝባል። በተግባር የሚሰበከው ግን የቱ ነው? ደግሞስ «ተረጋጉ» የሚለው ማነው? በዳዩ ለተበዳዩ፣ የጠገበው ለራበው ሲለው ቃሉ ማጽናኛ መሆኑ ይቀርና ማፈኛ ይሆናል። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» እያለ ምንም የማይሰጠውን ወቅሷል።

ሰላማዊት፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። በሐዋርያት ሥራ 11 አጋቦስ ረኃብ እንደሚመጣ ሲናገር የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጡ። በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩላቸው። እኛም ሥራ ላጣው ሰው «በር ይከፈታል» ከማለታችን በፊት ዕዳህ ስንት ነው፣ ሙያህ ምንድን ነው እንበለው። ከመሐላችን ማን ሊቀጥረው እንደሚችል እንጠያየቅ። መቼ እንደሚያልፍ እንደማናውቅም በግልጽ እንንገረው። ከዚያ አብረነው እንጸልይ።

ዮናስ፦ በመዋጮው እስማማለሁ። 70 ዓመቱ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ባቢሎን ውስጥ ለሚሞተው ምርኮኛ ምን ቀረለት?

ጋሽ በቀለ፦ ጥያቄህ ከባድ ነው ልጄ። ክርስቲያን መልሱን የሚያቆመው በትንሣኤ ላይ ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ተስፋችን በዚህ ሕይወት ብቻ ከሆነ ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች ነን ብሏል። ምዕራፉን ሙሉውን አንብበውና ያልተዋጠልህን ጻፍልን፤ ከዚያ እንቀጥላለን።