እህቴ ኢስታንቡል ሄዳ ሆዷን ልትሠራ ነው፤ ቀብዱ እስከ አርብ ተብሏል

የቧንቧ ውሃዋ (ጅዳ)
ሰላም ለናንተ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ሁለት ልጆች አሏት፣ ሁለቱም በኦፕራሲዮን ነው የተወለዱት። ከሁለተኛው በኋላ ሆዷ አልመለስ አለ። ቆዳው ተንጠልጥሏል፣ ልብስ አያምርብኝም ትላለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» እያለ ያበግናታል። አሁን ቲክቶክ ላይ አንድ ኤጀንት አግኝታለች። ታሚ ታክ (የሆድን ትርፍ ቆዳ መቁረጥ) ከሊፖ (ስብ መምጠጥ) ጋር፣ ስድስት ሌሊት ሆቴል፣ ከኤርፖርት መቀበያ፣ አስተርጓሚ፣ ሁሉም ተደምሮ 3,800 ዶላር። እስከ አርብ 500 ዶላር ቀብድ ካልገባ ዋጋው ይጨምራል ብሏታል። ከፋይዋ እኔ ነኝ።

እኔ እዚህ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ገንዘቡ የለም አልልም፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት አለ። የፈራሁት ሌላ ነው። እንደ ምንም ሠርተው ቢልኳትስ? ቁስሉን ማን ያይላታል? አብሬያት ልሂድ ብልስ ከፊሌ (አሠሪዬ) ይለቀኛል? ምን ልጠይቅ፣ ምን ታዘጋጅ? ወይስ እምቢ ልበላት?

ሐረጎ (ሚኒያፖሊስ)
አብሽሪ እህቴ። እኔ እዚህ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። አርብ የሚባለውን ነገር ከጭንቅላትሽ አውጪው። ቀን ቆጥሮ የሚያዋክብ የበግ ነጋዴ ነው፣ ሐኪም አይደለም።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሰውየው ኪሎዋን ጠይቋታል? ታጠባለች ወይ ብሏል? ሌላ ልጅ ታስባለች ወይ ብሏል? ሳይጠይቅ ዋጋ ከቆረጠ ሕሙም ሳይሆን ቀብድ ነው የሚፈልገው። ሌላ ልጅ ካሰበች ወልዳ ትጨርስ፣ ምክንያቱም እርግዝናው የተሰፋውን መልሶ ያላላዋል። የምታጠባ ከሆነም ጡት ካስጣለች በኋላ ጥቂት ወራት ትቆይ።

ታሚ ታክ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዳሌ እስከ ዳሌ ይቀደዳል፣ ቆዳው ተነስቶ የላላው ጡንቻ ይሰፋል፣ ትርፉ ተቆርጦ እምብርት አዲስ ቦታ ይወጣለታል። ሙሉ ማደንዘዣ ነው። ስለዚህ ከኤጀንቱ ጋር ሳይሆን ከሚሠራላት ሐኪም ጋር በቪዲዮ ታውራ። ስሙ ማን ነው? በፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ነው ወይስ ሌላ? የሚሠራው የትኛው ሆስፒታል ነው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለው ወይ? ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ደንብ የውጭ ሕሙማን የሚቀበለው ሆስፒታልም፣ መሐል የሚገባው ኤጀንትም ከጤና ሚኒስቴሩ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ፈቃዱን ላክልን በሉት።

አሁን ስድስቱ ሌሊት። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ከታሚ ታክ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን አትብረሩ ይላል። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሆድ የተቀደደ ሰው 10 ቀን ይቆይ ይላል። ለምን? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰዓት ሲቀመጡ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነስቶ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ ከአምስት ሰዓት በላይ በረራ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ሆድ ላይ ይተዋል፣ እሱም የሚነቀለው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሆቴሉ ስድስት ሌሊት ከሆነ ቱቦዋን ይዛ ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው። ሁለት ሳምንት የማትቆይ ከሆነ አትሂድ። የተጨማሪው ሆቴልና ምግብ ከ3,800ው ውጪ ነው።

ለማስፈራራት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው ውበት ያሠሩ 93 አሜሪካውያን መሞታቸውን ሲዲሲ አውጥቷል። በዝርዝር ከታዩት አብዛኞቹን የገደለው የስብ ወይም የደም መርጋት ነው። ሊፖውንና ታሚ ታኩን በአንድ ቀን ደርበው ካቀረቡላት ለምን እንደሆነ ሐኪሙን ትጠይቅ።

ቤት ሆና የምታደርገው ደግሞ አለ። የኦፕራሲዮኑን ጠባሳ ፎቶ አንሥታ ትላክልሽ። አብጦ፣ ከቁርጡ ወጥቶ፣ የሚያሳክክ ከሆነ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጥቁሮች ላይ ይበዛል። እዚያ ላይ ከዳሌ እስከ ዳሌ አዲስ ጠባሳ ሲጨመር አስቢው። ሺሻ የምታጨስ ከሆነ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ታቁም፣ ኒኮቲን ደም ሥር ያጠብና የተሰፋው ቆዳ ጠርዙ ሊሞት ይችላል። ጫት ከቃመች፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከወሰደች፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የምትጠጣም ከሆነ ለሐኪሙም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ሳትደብቅ ትናገር። ጥቁር አዝሙድን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ ለሐኪም የሚናገር ብዙ የለም፣ እኔ ግን ሁሌ እጠይቃለሁ።

ቦሩ ሜዳ (ፍራንክፈርት)
ሐረጎ ጥሩ ብላለች፣ ግን ዋናው የኢንሹራንስ ጉዳይ ተረስቷል። እዚህ ጀርመን በማኅበራዊ ሕጉ አምስተኛ መጽሐፍ አንቀጽ 52 መሠረት፣ ለጤና ሳይሆን ለውበት ብለህ ያሠራኸው ቀዶ ሕክምና ችግር ቢያመጣብህ ክራንከንካሰው (የጤና ኢንሹራንሱ) ያክምሃል፣ ግን ከወጪው ተገቢውን ድርሻ ያስከፍልሃል። የሕመም ቀን ክፍያንም ሊቆርጥ ወይም ሊከለክል ይችላል። ንቅሳትና ፒርሲንግም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ናቸው። ለጤና አስፈላጊ ነው የምትል ከሆነ የሐኪም ማስረጃ አያይዘህ አስቀድመህ ነው የምታመለክተው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይሰሙህም። ቱርክ ሄደው ተሠርተው መጥተው የሚጨነቁ ስላሉ ነው የምጽፈው። ደብዳቤ ሲመጣም በአንድ ወር ውስጥ ካልተቃወማችሁ...

የቧንቧ ውሃዋ (ጅዳ)
ወንድሜ አመሰግናለሁ። ግን እህቴ ያለችው ኮምቦልቻ ነው።

ቦሩ ሜዳ (ፍራንክፈርት)
ገብቶኛል። ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ከላላ (ሪያድ)
ስለ አንቺ ወረቀት ልንገርሽ። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገችው ማሻሻያ የግል ድርጅት ሠራተኛ ኹሩጅ ወዓውዳውን (ወጥቶ መመለሻ ቪዛውን) ራሱ ማውጣት ይችላል። የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሹፌር፣ አትክልተኛ፣ እረኛ ግን አልተጨመሩም። ስለዚህ ያንቺ በከፊልሽ እጅ ነው። ሳይፈቅድ ትኬት እንዳትቆርጪ። እህትሽም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቱርክ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋታል። ቪዛ ያልያዘች ሴት ቀብድ ከፍላ ቢከለክሏትስ? ቀብዱ ይመለሳል አይመለስም የሚል ወረቀት ፈርሞልሻል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
እኔ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ውጭ ያላችሁ ስለ ኢስታንቡል ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ተመላሿ ልንገራችሁ። ሰው ውጭ ታክሞ ይመጣና ቁስሉ ሲያመረቅዝበት መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ወረቀቱን አሳዩኝ ስል ቱርክኛ ወይም ዓረብኛ ያሳየኛል። ምን ተቆረጠ፣ ምን ክር ገባ፣ ምን መድኃኒት ተሰጠ አይታወቅም። እህትሽ ከሄደች ሙሉ የቀዶ ሕክምና ማስረጃዋን በእንግሊዝኛ፣ ከነመድኃኒቶቹ ስም፣ ሳትይዝ ከዚያ እንዳትወጣ።

ሁለተኛ፣ ከመሄዷ በፊት ደሴ ወጥታ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ትይ። የደም መጠኗን ትመርመር። ሆዱ የወጣው ሄርኒያ (አንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ ሲወጣ) ሆኖ ቢሆንስ? እሱ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ እዚሁ የሚሠራ ነው። ሐኪሙንም «ስመለስ ትከታተለኛለህ ወይ?» ትበለው። እሺ ያላት ሰው ሳይኖር አትነሳ። ቁስሉ በሌሊት ቢከፈት በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ ደሴ መውጣት ነው፤ የተሰፋ ሆድ ይዞ ያንን መንገድ አስቡት። አዲስ አበባ ይሻላል የምትሉ ደግሞ 375 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ አለ፣ ቦታ ከተገኘ።

ሦስተኛ፣ ልጆቹን ለስድስት ሳምንት ያህል ማንሳት አትችልም። ጀሪካንም አታነሳም። ባልየው ይህን ያውቃል ወይ? ባል «ግዴለም» ሲል አትመኑት፣ የሚያግዝ ሰው በስም ይጠራ።

አይጠየፍ (ለንደን)
ልጆቼ፣ በትልቅነቴ አንድ ነገር ልበል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳው ተመትቶ እስከዛሬ ያልተለሰነ ቤት ስንት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ሆኗል። 3,800 ዶላር ዛሬ በብር ስንት እንደሚሆን አስሊው። ጣሪያ ይለብሳል፣ ሱቅ ይከፍታል። ሆድ ለማሳጠፍ ብሎ የቤት ሠራተኛ እህትን ደም መምጠጥ ወሎ ውስጥ ድሮ ነውር ነበር። እናቶቻችን ስምንት ወልደው መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ነው የኖሩት። እምቢ በያት ልጄ።

ሰኞ ገበያ (ሲያትል)
ጋሼ አክብሬዎት ነው የምናገረው። መቀነታቸውን ያጠበቁት ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው ነው። ወገባቸውን ሲያማቸው ማን ጠየቃቸው? ደግሞ አምና ጸጉርዎን ኢስታንቡል ሄደው ያስተከሉት እርስዎ አልነበሩም? ግንባርዎን በጨርቅ ጠምጥመው ኤርፖርት የተነሡት ፎቶ እዚሁ ግሩፕ ላይ አለ።

አይጠየፍ (ለንደን)
የኔ በራሴ ደሞዝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ነው።

ሰኞ ገበያ (ሲያትል)
እሺ፣ ታዲያ ነውሩ የውበቱ ነው የገንዘቡ? ይለዩልን። ለጸጉር ሲሆን ደሞዝ፣ ለሴት ሆድ ሲሆን ደም መምጠጥ?

ሐረጎ (ሚኒያፖሊስ)
ሁለታችሁም ቆዩ። ጸጉርና ሆድ አንድ አይደሉም። የጸጉሩ ከማጅራት ሥሩን አንድ በአንድ እያወጡ ፊት መትከል ነው። ቦታውን አደንዝዘው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፣ ሰውየው ነቅቶ ነው። የሆዱ ሌላ ደረጃ ነው። ጋሼ በሰላም ተመለሱ ማለት እሷም ትመለሳለች ማለት አይደለም።

ሰኞ ገበያ ያነሳችው ግን ትክክል ነው። ቆዳ ሲላላ እጥፋቱ ሥር ላብ ተጠራቅሞ የሚቆስል አለ። ጡንቻው መሐል ለመሐል የተለያየባት ሴት ወገቧን ሊያማት ይችላል። እንቅስቃሴ ጡንቻውን ሊያጠነክር ይችላል፣ የተንጠለጠለ ቆዳ ግን አይሰበስብም። ልጅቷ ምን እንደሚሰማት እስካሁን ማንም አልጠየቀም።

ሰኞ ገበያ (ሲያትል)
አንድ ልጨምር። የእህቴ ልጅ በሕፃንነቷ የፈላ ውሃ ፈሶባት አገጯ ከአንገቷ ጋር ተያይዞ ነበር። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ከጭኗ ቆዳ ወስደው ሠሩላት። ዛሬ አንገቷን ታዞራለች። አገራችን የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት አላት። እህትሽ ቱርክ ከመሄዷ በፊት ለምን አዲስ አበባ አንዱን አታማክርም? የምክር ክፍያው ከቀብዱ አይበልጥም። «አያስፈልግሽም» ቢላት እንኳ ከኤጀንት አፍ አትሰማውም።

ገራዶ (ሜልበርን)
የአገር ቤት ቦታዎችን ስም ይዛችሁ ገራዶ፣ ሐረጎ፣ ሰኞ ገበያ እያላችሁ ሆዴን አባባችሁት። እዚህ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ደሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን ጋቢ ለብሶ ሻይ መጠጣት ነው ያማረኝ። የሐይቅ ዓሣ የሚጠበስበት ሽታ ራሱ... እኔ ስለ ሰርጀሪ አላውቅም። እናቴም ባለፈው ለጥርስ ላክ ብላኝ ላክሁ፣ በኋላ በግ ተገዛበት። ግን ደስ ብሏታል።

አይጠየፍ (ለንደን)
ያልኩት ይኸው ነው፤ ለጥርስ ተብሎ በግ!

ሰኞ ገበያ (ሲያትል)
ለእናት በግ ቢገዛ ምን ችግር አለው ጋሼ?

የቧንቧ ውሃዋ (ጅዳ)
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ያላችሁትን ሁሉ በድምፅ ላክሁላት። ኤጀንቱን የሐኪሙን ስም ጠይቂው አልኳት። «ሁሉም ዶክተሮቻችን ምርጥ ናቸው» ብሎ የልብ ምልክት ላከላት። ፈቃዱንም ጠየቀችው፣ እስካሁን መልስ የለም። ቀብዱን አልላክሁም። እሷ ግን ተቆጥታለች፤ «ለራስሽ ወርቅ ስትገዢ ማንን አማከርሽ?» አለችኝ። ወርቅ የገዛሁት አንድ ቀለበት ነው። ደሴ ሐኪም ጋ ልውሰድሽ ያላት ባሏ ነው፣ እኔ ገረመኝ። የጠባሳውን ፎቶ አልላከችም። ከፊሌን ገና አልጠየቅሁም፣ ሮመዳን ይለፍ ብዬ ነው። ሐረጎ፣ ኬሎይድ ከሆነ ጨርሶ አይቻልም ማለት ነው ወይስ በጥንቃቄ?

አይጠየፍ (ለንደን)
ቀብዱን አለመላክሽ ደግ አደረግሽ። ስለ ጸጉሬ የተጻፈው ግን ይጥፋልኝ፤ አስተዳዳሪው የት ነው?

አስተዳዳሪ
ስለ ጋሼ ጸጉር የምትጽፉ ሌላ ርዕስ ክፈቱ። ይህ የእህታችን ጥያቄ ነው።

ገራዶ (ሜልበርን)
ከፍቼዋለሁ። ፎቶው ያለው ሰው እዚያ ይለጥፍ።