ቀለል ያለ፣ ውሃ የማያስገባ የዕለት ቦርሳ፦ ከጨርቁ በፊት ዚፑን እዩ

«ላፕቶፕ የማያስረጥብ፣ ራሱም የማይከብድ የጀርባ ቦርሳ ጠቁሙን» የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መልሱ ወዲያው ወደ ጨርቅ ስም ይሮጣል። ዳይኒማ፣ አልትራ፣ ኤክስ-ፓክ፣ ኮርዱራ። እኔ ግን ጨርቁን ትንሽ ላቆየው። ደህና ከሚባሉት ቦርሳዎች የአብዛኞቹ ጨርቅ ዝናብ ይችላል። ውሃው የሚገባው በዚፑና በስፌቱ ነው።

ብዙዎቹ ላይ የምታገኙት ፊቱ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ዚፕ ነው። ዋይኬኬ የተባለው የዚፕ አምራች የሚሠራው አኳጋርድ ከዚህ ወገን ነው። አምራቹ ራሱ ውሃ ይከላከላል ይላል እንጂ ጭራሽ አያስገባም አይልም። ለካፊያ ይበቃል። ዶፍ ሲሆን ግን ጫፉ ላይ ችግር አለ። ዚፑን እስከ መጨረሻው ዝጉትና መጎተቻው የሚያርፍበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥርሶቹ ገጥመው እንኳ ከመጎተቻው ሥር የክብሪት ራስ የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ውሃው በዚፑ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ እዚያች ጋ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ሥራውን የሚያውቅ የቦርሳ ሰፊ፣ መጎተቻው ገብቶ የሚደበቅባት ትንሽ የጨርቅ ሽፋን እዚህ ጋ ይሰፋል። እሷ ከሌለች ቦርሳውን ወደ ቦታው መልሱት።

ቲዚፕን የመሰለ በእውነት የሚያሽግ ዚፕም አለ። ግን ጠጣር ነው፣ ቅባት ይፈልጋል፣ በአንድ እጅ መክፈት ትግል ነው። በቀን አሥር ጊዜ ቁልፍና ቻርጀር ለሚወጣበት ቦርሳ አልመክረውም።

ስለዚህ ምርጫዬ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋው ነው። ሦስት ዙር ጠቅልሉት፣ ጎንና ጎኑን ቆልፉት፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዳንዶቹ አፉን በጥቅልል ይሠሩና ላፕቶፑን በጎን ዚፕ ያስገቡታል። ይሄ በሩን ቆልፎ መስኮቱን መክፈት ነው።

ስፌት ላይ ደግሞ መርፌ ባለፈበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። ጨርቁ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው። ቦርሳውን ገልብጡትና የውስጥ ስፌቱን እዩ። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቴፕ በሙቀት ተለጥፎበት ከሆነ ጥሩ። የጨርቅ ጥብጣብ ብቻ ከሆነ እሱ ክሩ እንዳይተረተር ነው እንጂ ውሃ አያቆምም። ከገዛችሁ በኋላ ለማረጋገጥ ደግሞ ውስጡ ውሃ ጨምሩበት፣ ስቀሉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በውጭ በኩል ስፌቱን በሶፍት ዳብሱት። ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ላይ የስፌት ማሸጊያ መቀባት ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ። የሚገርመው ዳይኒማ የሚባለው ድርብርብ ጨርቅ፣ አልትራም ኤክስ-ፓክም የመጡት ከጀልባ ሸራ ሠሪዎች ነው። ሸራ ቀላል መሆን አለበት፣ ሲወጠር መሳብ የለበትም፣ ውሃም መጠጣት የለበትም። ከቦርሳ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

የዳይኒማ ክር ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። በክብደት ለክብደት ሲለካ ከብረት በብዙ እጥፍ ይጠነክራል፣ ውሃም አይመጥም። ግን ሙቀት አይወድም፣ 150 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ካውያ አታስጠጉት። ቀለምም እሺ አይልም፣ ለዚህ ነው እነዚህ ቦርሳዎች ብዙ ጊዜ ነጣ ያሉት። ስሱ ዓይነት መጎተትን ችሎ መፈተግን አይችልም። ወለል ላይ ለሚጣልና ግድግዳ ለሚታከክ የዕለት ቦርሳ ከላይ ፖሊስተር የተደረበበትን ፈልጉ። አልትራ ይህን በሌላ መንገድ ነው የፈታው፤ ፊቱ ራሱ ከዚሁ ዓይነት ጠንካራ ክርና ከፖሊስተር አብሮ የተሸመነ ነው። ኤክስ-ፓክ ፊቱ ብዙውን ጊዜ ናይለን ነው፣ መሐሉ ላይ የተሻገሩ ክሮችና ስስ ፊልም አለው። ሁሉም ድርብርብ ስለሆኑ የጋራ ድካም አለባቸው፤ ደጋግሞ የሚታጠፈው ቦታ ላይ በጊዜ ብዛት ድርቡ ይላቀቃል። ጨምድዳችሁ አታስቀምጡ፣ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አትክተቱ።

ክብደቱንስ? እስቲ አብረን እናስላ። ብዙ የሚሸጠው ኤክስ-ፓክ፣ ቪኤክስ21፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ ነው። አልትራ 200 ደግሞ 120 ገደማ። ለ20 ሊትር ቦርሳ የሚያስፈልገው ጨርቅ ከኪሶቹ ጋር አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ልዩነቱ በሙሉ 80 ግራም! ከስልካችሁ ያንሳል። ቦርሳን የሚያከብደው የጀርባው ስፖንጅ፣ ማንገቻው፣ የላፕቶፕ ክፍሉ፣ ዚፑና የኪሱ ብዛት ነው። በጣም ቀላል ናቸው የሚባሉትም የቀለሉት በብዛት እነዚህን ቀናንሰው ነው። ስፖንጅ የሌለው ቦርሳ በሱቅ ውስጥ ላባ ይመስላል፤ ሁለት ኪሎ ላፕቶፕ ስትጨምሩበት ማዕዘኑ ወገባችሁን ይወጋል።

እንግዲህ ጥቆማዬ። አብዛኛውን ጊዜ በእግርና በታክሲ ለምትሄዱ፦ ኤክስ-ፓክ፣ 20 ሊትር አካባቢ፣ አፉ የሚጠቀለል፣ ጀርባው ስስ ስፖንጅ ያለው። ለአልትራ የሚጨመረውን ገንዘብ እኔ አልከፍልም፤ ብዙ ለሚፈተግ ቦርሳ ካልሆነ በቀር። በብስክሌት ወይም በሞተር በዶፍ ለምትሄዱ ደግሞ ክብደቱን እርሱትና ስፌት የሌለው፣ በሙቀት የተበየደ ውሰዱ። የጀርመኑ ኦርትሊብ በዚህ ስሙን ያተረፈ ነው፤ መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራውን የጀመረው ከጭነት መኪና ሸራ በተሰፋ የብስክሌት ቦርሳ ነው። ሲ ቱ ሰሚት የተባለው ኩባንያ አልትራ-ሲል የቀን ቦርሳ (ከላይ ካልነው አልትራ ጨርቅ የተለየ ነው) ደግሞ 20 ሊትር እየያዘ 100 ግራም አይሞላም፣ ታጥፎ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ለተጨማሪ ዕቃ ወይም ለጉዞ ድንቅ ነው፤ ላፕቶፕ ግን በፍጹም።

ያላችሁን ቦርሳ ከወደዳችሁት ደግሞ አዲስ አትግዙ። አፉ የሚጠቀለል፣ ውሃ የማያስገባ ስስ ከረጢት ግዙና ላፕቶፑን እሱ ውስጥ አድርጋችሁ አሮጌው ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።