የመካከለኛው ዘመን የዕለት ኑሮ ቃላት፦ የጋራ ዕቅዳችንን እንቋጭ

ሰብሳቢዋ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለትምህርት ቤቶች የምናዘጋጀው የቃላት መድበል ዕቅድ በዚህ ሳምንት ማለቅ አለበት። ረቂቁን ሳየው አብዛኛው የቤተ መንግሥት ሹመት ነው። እኔ በበኩሌ ከገበያና ከጓዳ ብንጀምር ደስ ይለኛል። ልጆቹ ሰው ምን ይበላ እንደነበር፣ በምን ይገበያይ እንደነበር ይወቁ።

መምህሩ፦ እስማማለሁ እህቴ። አሞሌ ይቅደም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋ የሚወጣ ጨው ነው። ገበያ ላይ ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጽፎታል፤ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ለዚህ ቃል ሙሉ ገጽ ከነካርታው ይሰጠው።

የወጣቶች ተወካይ፦ ለጓዳ ጤፍ፣ ገብስ፣ ጠጅ፣ በርበሬ ብዬ ጽፌያለሁ።

መምህሩ፦ በርበሬውን አውጣው ልጄ። ቀዩ በርበሬ ምንጩ አሜሪካ ነው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344፣ ወጥ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ድንችና በቆሎም እንደዚሁ።

የወጣቶች ተወካይ፦ እሺ መምህር፣ ወጥቷል። «እነዚህ ያኔ አልነበሩም» የሚል ሣጥን ብንጨምርስ? ተማሪ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

ሰብሳቢዋ፦ ግሩም ነው፣ ይግባ።

ከዋሽንግተን የሚሳተፉ አባል፦ ከተማና ጨዋ እንዳይረሱ። ከተማ ያኔ የንጉሡ ሰፈር ነው፤ ንጉሡ ሲነሣ ድንኳኑ ሁሉ ይነቀላል። ጨዋ ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በየአገሩ የሚሰፍር የንጉሥ ጦር ነበር። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን የሚያውቁት «ጨዋ ልጅ» የሚለውን ብቻ ነው። የድሮውና የዛሬው ትርጉም ጎን ለጎን ይቀመጥልን።

ጸሐፊው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ረቂቁ «ይባላል» በሚል ተሞልቷል። ቃሉ የት ተጻፈ? በስንተኛው ክፍለ ዘመን? ይህ ካልተያያዘ አይግባ። ምንጩ በአብዛኛው ግእዝ ነው፤ ዜና መዋዕል፣ ገድል፣ የጉልት ማለትም ንጉሥ የሰጠው የመሬት መብት ሰነድ። የዚያ ዘመን አማርኛ በጣም ጥቂት ነው፤ ለዐፄ ዓምደ ጽዮንና ከሳቸው በኋላ ለነገሡት የተገጠሙት ውዳሴዎች ዋናዎቹ ናቸው። የግእዝ ሊቅ ካልያዝን ሥራው አይሄድም። በጀቱ እዚያ ላይ ይዋል፤ ሥዕሉ ይቆይ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሥዕል ከሌለው ግን ማን ያነበዋል?

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲያው ቃላቱን ከመቶ ወደ ሠላሳ እናውርድ። ሊቁ ሁሉንም ይዩልን። ሥዕል ለአሞሌና ለድንኳን ከተማው ብቻ ይሠራ። አሞሌን መምህር፣ ጓዳውን ወጣቶቹ ይያዙ። እስከ ሐሙስ ተቃውሞ ካልመጣ በዚሁ አጽፈዋለሁ።

ጸሐፊው፦ በዚህ እስማማለሁ። የምንጭ መመዝገቢያ ቅጹን ነገ እልካለሁ።